ሽታው እንዳይወጣ

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ልጄን ወደ ትምህርት ቤት ልሸኛት ጎንበስ ብዬ ስስማት፣ ከሸሚዟ አንገትጌ ሥር የዱቄት ሳሙና ሽታ ወጥቶ አፍንጫዬን መታኝ፤ ጣፋጭ የሚመስል፣ ግን ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ። እናቴ ልትጠይቀን መጥታ፣ ሥራ ላቅልልሽ ብላ ማጠቧ ነው። ሰው የልጅነቱ ሽታ ሲመጣበት ሆዱ ይባባል ይባላል፤ እኔ ግን ተናደድኩ። ሸሚዙን አስወልቄ፣ ሌላ አልብሼ ላክኋት።

እኔ ትንሽ ልጅ ሳለሁ ክልሉ ገና መቋቋሙ ነበር። አባቴ ከጎጃም ተመድቦ ከአዲሶቹ ቢሮዎች በአንዱ ይሠራ ስለነበር እኛም ተከትለነው አሶሳ ገባን። ቢሮው ወንበር ሳይሟላለት ስብሰባው በዝቶ ነበርና፣ አባቴ በየቀኑ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ይወጣ ነበር። ከሱዳን በኩርሙክ በኩል የሚገባ፣ ሰማያዊ ፍሬ ጣል ጣል ያለበት የዱቄት ሳሙና ገበያ ላይ በኩባያ እየተሰፈረ ይሸጥ ነበር፤ የሠራተኛ ሚስቶችም ልብሳቸው በዱቄት መታጠቡ እንዲታወቅላቸው ይፈልጉ ነበር። ስለዚህ እናቴ ልብሱን ዘፍዝፋ አሳድራ፣ በማግስቱ አሽታ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አለቅልቃ፣ አረፋው ገና ከጫፉ ሳይጠፋ ታሰጣው ነበር። ልድገመው የሚላት ካለ «ተይው፣ ሽታው እንዳይወጣ» ትል ነበር።

በጋው ሲከር አንገቴ፣ ብብቴና ወገቤ፣ ልብስ ጠበቅ አድርጎ የሚይዘኝ ቦታ ሁሉ፣ በቀይ ሽፍታ ተሞላ። ሲያሳክከኝ አክ ነበር፣ ሳክ ይደማል፣ ሲደማ ልብሱ ይጣበቅብኛል። አባቴ መጀመሪያ የማንጎ ፈሳሽ ነው ብሎ ማንጎ እንዳልነካ ከለከለኝ፤ ጎረቤታችን ዘሃራ፣ እኩያዬ የሆነች የበርታ ልጅ፣ ከአጥሩ ወዲያ ፈሳሹ እስከ ክንዷ እየወረደ ስትበላ እኔ አጥሩን ይዤ አያት ነበር። ማንጎው ቀረ፣ ሽፍታው ግን አልቀረም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ቀጥለው ክሊኒክ ወሰዱኝና ሙቀት ነው ተብዬ ሐምራዊ መድኃኒት ተቀባሁ፤ ክፍል ውስጥ ደግሞ ይጋባል ተብሎ ለብቻዬ እንድቀመጥ ተደረገ። እናቴ ልጇን በቆሻሻ አሳመመቻት እንዳይሏት ፈርታ የዱቄቱን መጠን ጨመረች፤ አንሶላዬን ሳይቀር ቶሎ ቶሎ ትዘፈዝፍ ጀመር። በቁስሌ ላይ እንጨት የሰደደችው ለንጽሕና ስትል ነበር።

ክረምት ገባና የኩርሙክ መንገድ በጭቃ ተዘጋ፤ ዱቄቱም ከገበያ ጠፋ። እናቴ እያማረረች ወደ ደረቅ ሳሙና ተመለሰች፤ ሽታውን ስለማትወደው ደግሞ ከቆርቆሮው በሚወርደው የዝናብ ውሃ ደጋግማ ታለቀልቀው ነበር። ሐምሌ ሳያልቅ አንገቴ ለሰለሰ፤ ከዘሃራ ጋር ዝናብ ላይ ስሯሯጥ ውዬ እገባ ነበር። አባቴም «አየሽ፣ ሙቀቱ ሲበርድ ለቀቃት» አላት እናቴን።

ጥቅምት ላይ መንገዱ ተከፈተ። እናቴ ዱቄቷን አግኝታ ደስ ብሏት የትምህርት ቤት ሸሚዜን ዘፈዘፈች፤ እኔም ለብሼው ከግቢ ሳልርቅ አንገቴን ይበላኝ ጀመር። የዚያን ቀን ማታ በግልጽ ነገርኳቸው። «ሳሙናው ነው» አልኩ። «ክረምት እሱ ሲጠፋ ሽፍታውም ጠፍቶ ነበር።»

አባቴ ሳቀብኝ። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» አለ።

እናቴም «ሁላችንም የምንለብሰው ነው፤ አንቺን ለይቶ የሚያሳክክሽ ምን አድርገሽው ነው?» አለችኝ።

ከዚያ አባቴ ፍርዱን ሰጠ፦ «አገሩ አልተስማማትም።» ይህን ቃል እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ። ከደጋ ተመድቦ የመጣ ሠራተኛ ሁሉ እንቅልፍ ቢያጣ፣ ጥርሱን ቢያመው፣ ከአለቃው ቢጣላ፣ አገሩ አልተስማማኝም ይል ነበር። የዘሃራ እናት ሀዋ በአጥር በኩል ወሬውን ሰምታ በተሰባበረ አማርኛዋ «አገር ምን አደረገ?» አለቻት እናቴን። «ዘሃራ እዚህ ተወለደ፣ እኔም እዚህ። አገር ልጅ አይበላም።» ከዚያ ወዲያ የሁለቱ ሰላምታ ቀዘቀዘ።

ደብረ ማርቆስ አክስቴ ዘንድ እንድሄድ ተወሰነ። እናቴ «ንጹሕ ሆነሽ ግቢ» ብላ የምይዘውን ልብስ ሁሉ በዚያው ዱቄት አጠበችው። አውቶቡሱ ጋ ነጠላዋን ይዤ «እማዬ፣ አትላኪኝ፤ ሳሙናውን ብቻ ተይው» ብዬ ለመንኳት። አለቀሰች፤ እያለቀሰችም ላከችኝ። መንገዱን ሙሉ ሳክ ሄጄ፣ አንገቴ ደምቶ ደረስኩ።

አክስቴ ሻንጣዬን ስትከፍት «ምንድን ነው እንዲህ የሚከረፋው?» አለችና ሁሉንም ወንዝ ወስዳ በእንዶድ አጠበችው። ለገና ቆዳዬ ንጹሕ ነበር። አባቴ ቴሌ ሄዶ ደውሎ ይህን ሲሰማ፣ ድምፁ ከስልኩ ወጥቶ እኔ ጋ ደረሰ፦ «አላልኩም? አገሩ ነው!» በቃ፣ እዚያው ቀረሁ።

ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ስመለስ፣ ከሄድኩ በኋላ የተወለደው ወንድሜ እናቴ ኋላ ተደብቆ «ይቺ ማናት?» አለ። የዘሃራ ቤተሰብ ወደ ኩርሙክ ሄዶ ነበር። እናቴ እንደ እንግዳ አዲሱን አንሶላ አነጠፈችልኝ፤ እኔም አንሶላውን አንስቼ ከጓሮ ወሰድኩና ራሴ አለቀለቅኩት። ከዚያ ወዲህ ልብሴን ሰው እንዲያጥብልኝ ሰጥቼ አላውቅም። አሶሳ ተቀምጬ፣ ተቀጥሬ፣ ወልጄ እኖራለሁ፤ አገሩ ያው ነው፣ ሙቀቱም ያው ነው፣ ማንጎውንም እስኪበቃኝ እበላለሁ። አባቴ ግን እስኪሞት ድረስ አገሩን እንደከሰሰ ነበር።

ሰኞ ከሥራ ስመለስ የልጄን ሸሚዝ ሳፋ ውስጥ ከትቼ ማለቅለቅ ጀመርኩ። እናቴ አጠገቤ ቆማ ስታይ ቆየችና «ኧረ ሽታው ወጣ» አለች።

«ይውጣ፣ እማዬ» አልኳት። «ያኔም አንድ ጊዜ ደግመሽ ብታለቀልቂው ኖሮ እጅሽ ላይ አድግ ነበር።»

በጆግ ውሃ ቀድታ ሳፋው ላይ ጨመረችልኝ። ያኔ ውሃ ከቦኖ በወረፋ ነበር የሚቀዳው፣ አሁን ቧንቧው ግቢያችን ውስጥ ነው፤ ነገሩ ግን የውሃ አልነበረም፣ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ከቆርቆሮው ይወርድ ነበርና። ሸሚዝ ደግመው ከማለቅለቅ ልጅ መላክ ቀልሏቸው ነበር። የእኔ ልጅ በማግስቱ ያንኑ ሸሚዝ፣ ምንም ሳይሸት፣ ለብሳ ትምህርት ቤት ሄደች፤ ከሰዓት በኋላም ወደ ቤቷ ተመለሰች።