ጢም ብሎ ያልሞላ ጆንያ

ፈረንጅ አገር፣ ሌክ ሲቲ በሚባል ሰፈር ከምኖርበት አፓርትመንት ጀርባ ጅረት አለ። በዘጠና ሰባቱ የፈረንጆች አዲስ ዓመት በረዶው ቀልጦ፣ ዝናቡም አላባራ ብሎ ጅረቱ ወደ ሕንፃው ተጠጋ። ማናጀሩ ፓምፕ ውድ ነው ብሎ አንድ መኪና አሸዋና ባዶ ጆንያ አራግፎ ሄደ። የቀረው ለጽዳት ሠራተኛው ነው።

ያገሬ ሰው ናቸው፤ ስማቸውን ግን ጠይቄ አላውቅም። ከቢጫው የዝናብ ልብሳቸው ሥር ሁልጊዜ ከረባት ያስራሉ። ለእያንዳንዱ ጆንያ ሦስት አካፋ አሸዋ ብቻ ይጨምሩና አፉን አጥፈው የቤዝመንቱ በር ላይ ያስተኙታል፤ በእግራቸው ይረግጡታል። ከዚያ ጎንበስ ብለው መጋጠሚያውን በጣታቸው ይፈትሻሉ። ጣታቸው ከገባ አንሥተው እንደገና ያስተኙታል።

ቤዝመንቱ ውስጥ አንዲት እናት ከትንሽ ልጇ ጋር ትኖራለች። ልጅቷ በመስኮት እጇን ታውለበልብላቸዋለች። እሳቸው ቀና ብለው አያዩዋትም።

ላግዛቸው ወረድኩና፣ «ጋሼ፣ ሞላ ሞላ እናድርገውና ቶሎ እንጨርስ» አልኳቸው።

«ከሞላ አይተኛም። ካልተኛ ደግሞ በመሃል ውሃ ያሳልፋል።» አካፋውን አሸዋው ላይ ተከሉት። «ቀበና ወንዝ ዳር ከትንሿ ልጄ ጋር ስንኖር ይሄን አላውቅም ነበር። ቸኩዬ ጢም አድርጌ ሞላሁት።»

ምን እንዳስጠየቀኝ እንጃ፣ ውሃው ቤት ውስጥ የት ድረስ ደርሶ እንደነበር ጠየቅኳቸው።

መዳፋቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ።

«ለእኔማ እስከዚህ ነበር» አሉኝ።