ቢጫ መስሎ የበራው አምፖል

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ በሰባዎቹ መካከል ላይ፣ ፍኖተ ሰላም ከተማ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ሳለሁ ነው። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ዛሬ የልጅ ልጅ አይቻለሁ። በዕድሜዬ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ያንን ሳምንት ግን ከነቀኑ አስታውሰዋለሁ። እንደዚያ ሳምንት የተሳሳትኩበትም፣ እንደዚያ ሳምንት የኮራሁበትም ጊዜ የለኝም።

መሥሪያ ቤታችን ለገበሬው ማዳበሪያና የከብት ክትባት ያደርስ ነበር። የነበረችን መኪና አንዲት አሮጌ ላንድሮቨር ብቻ ናት። ሾፌሯ ጋሽ ደምሰው ይባላሉ። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ነበሩ። ከሚስታቸው ይልቅ መኪናዋን ይወዳሉ እያልን እናማቸው ነበር። እሳቸው ግን ሰምተው እንዳልሰሙ ጨርቃቸውን ይዘው መስታወቷን ይወለውላሉ።

ክረምት ላይ ደጋ ላይ ወዳለችው ፈረስ ቤት ከተማ መውጣት ቀልድ አይደለም። ክትባቱ የሚሄደው በበረዶ ሳጥን ስለሆነ በረዶው ሳይቀልጥ ለመድረስ በማለዳ መነሣት ግድ ነው። በማለዳ ደግሞ ደጋው ጉም ነው። ላንድሮቨሯ ለዚህ የሚሆኑ ሁለት የጉም መብራቶች ከፊቷ ዝቅ ብለው ተገጥመውላት ነበር፤ አምፖላቸው ቢጫ ነው። በዚያ ሐምሌ የአንደኛው አምፖል ተቃጠለ፤ ሁለተኛውን ደግሞ ከመንገድ የተፈናጠረ ድንጋይ ሰበረው።

ጋሽ ደምሰው “ያለ ቢጫ መብራት ደጋ አልወጣም” አሉ።

ምክንያት ነበራቸው። ከዓመታት በፊት ሌላ ቦታ ሲሠሩ፣ ጉም ውስጥ በነጩ መብራት እየነዱ አንድ ገበሬ ገጭተው እግሩን ሰብረውታል። ሰውየው ድኖ እርሻው ገባ። እሳቸው ግን ያንን ቀን ከልባቸው ማውጣት አልቻሉም። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያጫወቱኝ። “ነጭ መብራት ጉም ላይ ሲያርፍ ተመልሶ ዓይንሽን ነው የሚመታሽ። ግድግዳ ነው ልጄ! ቢጫው ግን የመንገዱን ዳር እንኳ ያሳይሻል” አሉኝ።

ኃላፊያችን ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ወጣት ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ከበላይ ስልክ በተደወለ ቁጥር ላብ ያጠምቀዋል። ክትባቱ ዘገየ ተብሎ ሁለት ጊዜ ተደውሎለታል። “ሾፌሩ ሆን ብሎ ሥራ እያደናቀፈ ነው” ማለት ጀመረ። በዚያ ዘመን “አሻጥር” የምትባል ቃል ነበረች። እሷ ስምህ ላይ ከተለጠፈች ከሥራ መባረር ትንሹ ነገር ነው። ጋሽ ደምሰው ደግሞ የስድስት ልጆች አባት ናቸው።

አምፖሉ ፍኖተ ሰላም ስላልተገኘ ቡሬ ሄጄ እንድገዛ ታዘዝኩ። ማክሰኞ ዕለት በአውቶቡስ ሄድኩ።

ስለ መኪና የማውቀው አራት ጎማ እንዳለው ብቻ ነበር። ችግሩ አለማወቄ አይደለም፤ አላውቅም ማለት አለመውደዴ ነው። ቡሬ አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ገብቼ፣ እንደ ባለሙያ ክንዴን ባንኮኒው ላይ አስደግፌ፣ “ለጉም የሚሆን ቢጫ አምፖል” አልኩ።

ባለሱቁ ሁለት ዓይነት አወጣ። የሁለቱም ብርጭቆ ያው ቀለም የሌለው ነው። ባንኮኒው ላይ ባለች የመኪና ባትሪ የመጀመሪያውን ሲያበራው ነጭ ሆነ። ሁለተኛውን ሲያበራው እንደ ቅቤ ቢጫ ሆነ። ደስ አለኝ።

“እንደው መኪናዋ ምን ዓይነት ናት?” አለኝ።

“አንተ ብቻ ቢጫውን ስጠኝ፤ የመኪናውን ነገር ለእኛ ተወው” አልኩት።

ሰውየው ትከሻውን ነቅንቆ ሁለት ጠቀለለልኝ። ዛሬ ድረስ ያቺን መልሴን ሳስታውስ ብቻዬን ፊቴ ይቀላል።

ቢሮ ተመልሼ ንብረቱን ሞዴል 19 በሚባለው የገቢ ደረሰኝ ገቢ አደረግሁ። አምፖሉ ግርጌ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይቼ በጥሩ እጅ ጽሑፌ ገለበጥኩት፤ 24 ቮልት። ምን ማለት እንደሆነ ግን አልጠየቅሁም።

ረቡዕ ጠዋት አምፖሎቹ ሲገጠሙ ሠራተኛው በሙሉ ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ። ጋሽ ደምሰው ማብሪያውን ሲጫኑት ሁለቱም ቢጫ በሩ። አንዱ አጨበጨበ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ኃላፊው ራሱ እጄን ጨበጠኝ።

ጋሽ ደምሰው ወርደው መብራቶቹ ፊት ቁጢጥ አሉ። መዳፋቸውን ከፊታቸው ዘረጉ፤ አነሡ፤ እንደገና ዘረጉ። ከዚያ ቀና ሳይሉ፣ “ይቺ ቢጫ የጤና አይደለችም። የወፍ በሽታ የያዛት ቢጫ ናት” አሉ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ቡሬ ድረስ ደክሜ የገዛሁትን ዕቃ በሰው ፊት አዋረዱብኝ ብዬ ደሜ ፈላ። ኃላፊውም ፊቱ ጠቆረ። “ቢጫ አምጡ አሉ፤ ቢጫ መጣ። አሁን ደግሞ በሽተኛ ነው ይላሉ። ዓርብ በስብሰባው ላይ ይታያል” ብሎ ገባ።

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ደምሰውን በር ላይ አግኝቻቸው ሰላም ሳልላቸው አለፍኩ። አባቴ ቢያየኝ ኖሮ በዕድሜ የሚበልጠኝን ሰው በመዝለሌ በጥፊ ያጮለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ማዳበሪያ የጫነ ትልቅ የጭነት መኪና መጣ። ሾፌሩ ብዙ አገር ያየ፣ ወሬ የሚወድ ሰው ነው። ጭነቱ ሲራገፍ አንድ ነገር መጣልኝ። ጋሽ ደምሰውን የሚያሳፍር ምስክር በእጄ ገባ ብዬ ወደ ላንድሮቨሯ ወሰድኩት።

“ወንድሜ፣ አንተ ሾፌር ነህና ፍረድ። ይህ ቢጫ ነው አይደለም?”

አንዱን አምፖል ነቅሎ ግርጌውን አነበበና ሳቁን ለቀቀው። “እህቴ፣ ይህ እኮ የእኛ ነው! ነይ ላሳይሽ” አለኝ። ወደ መኪናው ወስዶ ሁለት ጎን ለጎን የተያያዙ ባትሪዎች አሳየኝ። የእናንተዋ መኪና ባለ አንድ ባትሪ፣ ዐሥራ ሁለት ቮልት ናት፤ ይህ አምፖል የሚፈልገው ሁለቱን ነው አለኝ። ከዚያ ሽቦ አስነካው። አምፖሉ ነጭ ሆኖ ቦግ አለ፤ ዓይኔን በእጄ ከለልኩ።

“ቢጫ የሚመስለው ጉልበት አንሶት ነው። ጉም ውስጥ በዚህ መንዳት ሻማ ይዞ እንደመሄድ ነው” አለ። ጭነቱን አራግፎ ሲጨርስ ወደ ባሕር ዳር ሄደ።

ነገሩን እኔ ብቻ አወቅሁት። ጋሽ ደምሰው ልክ ነበሩ። ዝም ብል ማንም አይጠይቀኝም። ብናገር ግን የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ “አሻጥር” የምትለዋ ቃል ከእሳቸው ተነሥታ እኔ ላይ ትቀመጣለች። ከራስ በላይ ነፋስ ብዬ ዝም ለማለት ወስኜ ነበር። እውነቱን ስናገር በጣም ፈርቼ ነበር።

ዓርብ ዓርብ “ሂስና ግለ ሂስ” የሚባል ስብሰባ ነበረን። በወግ የሚካሄድ ነገር ነው። ሰው ሁሉ ተነሥቶ ጥፋቱን ይናገራል፤ ጥፋቱ ግን ሁልጊዜ ትንሽ ናት። የሒሳብ ሠራተኛው በየሳምንቱ ጋዜጣ በበቂ ሁኔታ አላነበብኩም ይላል። ጸሐፊዋ አምስት ደቂቃ አርፍጃለሁ ትላለች። ተላላኪያችን የሚናገረው ሲያጣ “የሌላው ጓድ ጥፋት የእኔም ነው” ብሎ ይቀመጣል። እኔም በተራዬ ሁልጊዜ መዝገብ አዘገየሁ እል ነበር።

የዚያን ቀን ኃላፊው የጋሽ ደምሰውን ጉዳይ አነሣ። መሣሪያው ተሟልቶላቸው ሥራ እምቢ ብለዋል፤ ይህ አሻጥር ስለሆነ ለበላይ ይጻፋል አለ። “የሚሉት አለዎት?” ተባሉ።

ጋሽ ደምሰው ተነሡ። “እኔ ሰው ገጭቼ አውቃለሁ። ሁለተኛ አልገጭም። በዚህ መብራት ተሰው ልጅ ላይ አልሄድም። ውርድ ተራሴ” አሉና የመኪናዋን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ሃያ ዓመት የነዱ ሰው ቁልፍ ሲያስቀምጡ ያን ቀን አየሁ።

እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። ብቻ ቆሜ ራሴን አገኘሁት።

“ግለ ሂስ አለኝ” አልኩ።

“መዝገቡን በኋላ ትነግሪናለሽ” አለ ኃላፊው።

“መዝገብ አይደለም። አምፖሉ ለኛ መኪና የሚሆን አይደለም። ሳልጠይቅ የገዛሁት እኔ ነኝ። ጋሽ ደምሰው እውነታቸውን ነው።”

“ቢጫ መብራቱን ሁላችንም አይተናል እኮ ጓዲት!”

“ያየነው ቢጫ አይደለም። ላሳያችሁ” አልኩና ወጥቼ አምፖሉን ከላንድሮቨሯ፣ ሞዴሌን ከጠረጴዛዬ አነሣሁ። ከኋላዬ የሚከተለኝ ይኑር አይኑር አላየሁም። የንብረት ክፍሉ ውስጥ ለመጠባበቂያ የተቀመጠ አንድ ባትሪ ነበር። ጋሽ ደምሰው ምንም ሳይጠይቁኝ የላንድሮቨሯን ነቅለው አመጡልኝ። ሠራተኛው ሁሉ በማዳበሪያ ከረጢት መካከል ተጨናንቆ ገባ። በሩን ዘጋሁት፤ ጨለመ።

በአንዱ ባትሪ ሳስነካው ቢጫ በራ። “ይኸው ቢጫ!” አለ አንዱ። ከዚያ ጋሽ ደምሰው የጭነት መኪናው ሾፌር እንዳሳየኝ ሁለቱን ባትሪዎች አያያዙልኝና ሽቦውን ራሴ አስነካሁት። ቤቱ በነጭ ብርሃን ተሞላ፤ ሰው ሁሉ ዓይኑን ሸፈነ። የኃላፊውን ፊት ግን እኔ አየሁት። እንደ ተማሪ አፉን ከፍቶ ነበር።

ሞዴሉን ሰጠሁት። “24 ቮልት ብሎ የጻፈው የእኔው እጅ ነው። አሻጥር ካለ የእኔ ነው፤ የእሳቸው አይደለም” አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ዛሬም ድረስ በዚያ ድምፄ እኮራለሁ።

ኃላፊው ሞዴሉን አነበበና “ግለ ሂሱ ተቀባይነት አግኝቷል” አለ። ቁልፉንም ራሱ አምጥቶ በሁለት እጁ ለጋሽ ደምሰው ሰጣቸው።

ቅዳሜ ከጋሽ ደምሰው ጋር ቡሬ ሄድን። ሰማዩ ጠርቶ ስለነበር በመኪናዋ ነው የሄድነው። በዚህኛው ጉዞ አፌን ዘግቼ ጆሮዬን ከፈትኩ። “ብርጭቆው ራሱ ቢጫ ይሁን፤ ባትሪው ዐሥራ ሁለት ይሁን፤ ግርጌው ደግሞ ተቤቱ ይግጠም” ብለው አስተማሩኝ። ሱቅ ለሱቅ ዞረን የለም ተባልን። በመጨረሻ አንድ ጋራዥ ውስጥ የቆመች ፔጆ አገኘን፤ የሁለቱ የጉም መብራቶቿ አምፖሎች እንደ ማር ቢጫ ነበሩ። ሁለቱንም ከባለጋራዡ ስንገዛ አንሥቼ 12 ቮልት የሚለውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጋሽ ደምሰው ሳቁብኝ።

ሰኞ ማለዳ ክትባቱን ላስረክብ አብሬያቸው ወደ ፈረስ ቤት ወጣሁ። ዳገቱን ስንጨርስ ጉሙ ዋጠን። የመኪናዋ አፍንጫ እንኳ አይታይም ነበር። ጋሽ ደምሰው የፊቱን መብራት አጥፍተው ቢጫዎቹን አበሩ። ብርሃኑ ዝቅ ብሎ መሬቱን ያዘ፤ የመንገዱ ዳር ታየኝ። በእግር ፍጥነት ተጓዝን።

ድንገት ፍሬን ያዙ። ቢጫው ብርሃን ጫፍ ላይ ሁለት በሬዎች፣ ከአጠገባቸው ቀንበር የተሸከመ ሰው ቆሞ ነበር። በመካከላችን አሥር እርምጃ ቢኖር ነው።

ጋሽ ደምሰው ሞተሩን አጥፍተው ወረዱ። ሰውየውን ደጋግመው ሰላም አሉት፤ ጤናውን፣ ልጆቹን፣ ከብቱን ጠየቁት።

“እንደው ሁለት ቢጫ ዓይን አይቼ አውሬ መሰለኝ! በሬዎቼን ይዤ ዳር ልወጣ ስል እናንተ ሁናችሁ ተገኛችሁ” እያለ ገበሬው ይስቃል። ጋሽ ደምሰው አብረውት ለመሳቅ ይሞክራሉ፤ ዓይናቸው ግን ከሰውየው እግር ላይ አልተነሣም። ተመልሰው ሲገቡ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ትንሽ ቆዩ። እኔም ወደ ሌላ አቅጣጫ አየሁ።

ማክሰኞ ቢሮ ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ ፖስታ ጠበቀኝ። “አስፈላጊውን ማጣራት ሳታደርጊ የማይሆን ዕቃ ገቢ በማድረግሽ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶሻል” ይላል። ጋሽ ደምሰው ሲሰሙ እንደዚያ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም። “ተይ አትፈርሚ! ለእኔ ብለሽ ነው የተናገርሽ። እኔ ገብቼ አናግረዋለሁ” አሉ።

“ጋሼ፣ ያንብቡት እስኪ። ውሸት አለበት?”

ወረቀቱን አርቀው ይዘው ቀስ ብለው አነበቡት። “የለበትም” አሉ በመጨረሻ።

“እንግዲያው እፈርማለሁ” አልኩና ፈረምኩ።

ጋሽ ደምሰው ጡረታ እስኪወጡ በዚያ መንገድ ተመላለሱ፤ ሌላ ሰው አልገጩም። እኔም ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ፤ ሹመትም የምስጋና ወረቀትም ተቀብያለሁ። በእነዚያ ሁሉ ላይ ስፈርም እጄ ለምዶት ነው። በደስታ የፈረምኩት ያቺን ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው።