በጉማሬዋና በግልገሏ መሃል

የካሜራ ሌንስ ልትገዙ አስባችሁ «ስንት ሚሊሜትር ይሻላል?» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ቁጥር ብቻ ብነግራችሁ አይጠቅማችሁም። ዝዋይ ሐይቅ ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁና ከዚያ ራሳችሁ ምረጡ።

ጥቅምት እያለቀ ነበር። ክረምቱ ወጥቶ ሐይቁ ዳር ዳሩን እስከበቀለው ደንገል ወገብ ሞልቷል፤ ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ወፎችም መግባት ጀምረዋል። ሦስት ሆነን ወጣን። እኔ አዳማ ውስጥ ሃያ ዓመት የሰርግ ፎቶ ሳነሳ የኖርኩ ሴት ነኝ። ዳንኤል ፋርማሲ አለው፤ ቅዳሜ ሲሆን ግን መድኃኒቱን ለሠራተኛ ትቶ ወፍ ፍለጋ ይሄዳል። ጀልባዋ የኦቦ ቡልቻ ናት። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚያው ሐይቅ ላይ ዓሣ ሲያሰግሩ የኖሩ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው።

የያዝኩት ከመቶ እስከ አራት መቶ ሚሊሜትር የሚሄድ፣ ሲፈልጉ የሚያቀርብ ሲፈልጉ የሚያርቅ ዙም ሌንስ ነበር። እሱን ለመምረጥ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። መጀመሪያ ስድስት መቶ የሚደርስ ዙም ከባልደረባዬ ተውሼ፣ ሐይቁ ዳር ባለችው ባቱ ከተማ፣ ዓሣ የሚራገፍበት ዳርቻ ሄጄ አባ ኮዳ የሚባሉትን ትልልቅ ወፎች አነሳሁበት። ሩቁን ያቀርባል፤ አይካድም። ነገር ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ክንዴ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያ ወዲያ ያነሳሁት ሁሉ ብዥ ያለ ሆነ። የዳንኤል ደግሞ ስድስት መቶ ላይ የቆመ፣ ወደፊትም ወደኋላም የማይል ሌንስ ነው። ላባ ያስቆጥራል፤ ያለ ትራይፖድ፣ ያለ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ግን አይያዝም። የእኔን አይቶ የሰርግ ሌንስ ነው አለኝ። ነገሩ ከንክኖኛል።

የምንፈልገው ዓሣ በሉን ንስር ነበር፤ ራሱና ደረቱ ነጭ፣ ክንፉ ጥቁር የሆነውን። ውሃ ላይ ወርዶ ዓሣ ሲነጥቅ ለማንሳት ሦስት ዓመት ተመላልሼ ባዶ እጄን ነው የተመለስኩት። አንዴ ፀሐይዋ ከፊቴ ሆነች፣ አንዴ የካሜራው ፎከስ በንስሩ ፈንታ ደንገሉን አጥርቶ ያዘብኝ፣ አንዴ ደግሞ ዳቦ እየበላሁ ነበር።

ማለዳ አንዲት ደሴት አጠገብ ደረስን። ንስሩ የደረቀ ዛፍ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ኦቦ ቡልቻ ሞተሩን አጥፍተው በረጅሙ ዘንጋቸው እየገፉ ደንገሉ ዳር አስጠጉን። ወዲያው ዓይናቸው ዳርቻው ላይ ቀረ። ሣሩ እንደ ምንጣፍ ተኝቷል፤ ጭቃው ላይ አራት ጣት ያለው፣ ሰፊ ዱካ አለ፤ ቁጥቋጦው ላይ የተበተነው ፋንድያ ገና አልደረቀም። ጉማሬ ቅርብ ስለሆነ ቶሎ እንሂድ አሉን። ዳንኤል አምስት ደቂቃ ለመናቸው። እኔም አብሬ ለመንኩ፤ ይህንን አልደብቃችሁም።

በዚያ መሃል ነፋስ ተነሳና ጀልባዋን ደንገሉን ሰንጥቆ የሚገባ ጠባብ የውሃ መንገድ አፍ ላይ ወሰዳት። ኦቦ ቡልቻ የሞተሩን ገመድ ሳቡ። አንዴ አጓርቶ ጠፋ፤ ደንገል ተጠምጥሞበታል። ከሐይቁ በኩል አረፋ ተንተከተከ፤ ከዚያ አንድ የጀልባ ርዝመት እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ ጉማሬ ብቅ አለች። አፏን ከፈተች። ጥርሷ ላይ የተጣበቀው ሣር ይታየኛል።

«ሮቢ» አሉ ኦቦ ቡልቻ በቀስታ፣ በኦሮምኛ የጉማሬን ስም እየጠሩ። ቀጥለው «ማንም እንዳይነሳ» አሉ።

ዳንኤል ግን ሌንሱ እንዳይወድቅበት ብሎ ተነስቶ ነበር። ጉማሬዋ ጠለቀች። ከሥራችን የሆነ ነገር ገጨንና ጀልባዋ ከነሞተሯ ወደ ላይ ተነሳች። የዳንኤልን ቀበቶ ይዤ በሙሉ ክብደቴ ወደ ኋላ ሳብኩት፤ ሌንሱን እንዳቀፈ ጭኔ ላይ ወደቀ። ትራይፖዱ ውሃ ገባ።

ያኔ ከጠባቡ መንገድ ውስጥ፣ ከኋላችን፣ ትንሽ ራስ ወጣች። ግልገል ናት። የቆምነው በእናትና በልጅ መሃል ነው። እኔ ብሆን ወደ ሰፊው ውሃ ነበር የምሸሸው። ኦቦ ቡልቻ ግን ዘንጉን ተክለው ጀልባዋን በጎኗ ወደ ደንገሉ ውስጥ ገፏት፤ መንገዱን ለቀቁላት። እናቲቱ ክንዴን ብዘረጋ በምነካት ርቀት አልፋ ግልገሏ ጋ ደረሰች። ዘወር ብላም አላየችንም።

የታወከው ውሃ ቆሮሶ የሚባሉትን ዓሦች ወደ ላይ አስወጥቷቸው ነበር። ብልጭ ሲሉ አየሁ። ቀና ስል ንስሩ ዛፉን ለቋል።

ወደ እኛ ነው የሚመጣው። ተቀምጬ፣ ክርኖቼን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ካሜራዬን አነሳሁ። አራት መቶ ላይ አንድ ክንፍ ብቻ ታየኝ። ዙሙን ወደ ኋላ መለስኩት፤ ሙሉው ንስር ገባልኝ፤ አሁንም መለስኩት፤ ውሃውም ጉማሬዎቹም ገቡልኝ። ወደ ዓሣው እግሩን ሲሰድ ጣቴን ከማንሻው ቁልፍ ላይ አላነሳሁም።

ሰፊው ውሃ ላይ ደርሰን ሞተሩ ከጸዳ በኋላ ነው ስክሪኑን ያየሁት። ንስሩ ዓሣውን ጨብጦ ከውሃው እየተነሳ ነው፤ ጠብታዎቹ ከጥፍሩ ሥር ተንጠልጥለዋል፤ ከኋላው የእናቲቱና የግልገሏ ጆሮዎች በአንድ መስመር ቆመዋል። እጄን ወደ ሰማይ ዘርግቼ ሳቅኩ፤ ሳላስበው እንባዬም መጣ። ዳንኤል ካሜራውን ተቀብሎኝ ፎቶውን አየ።

«ስንት ላይ ነበርሽ?» አለኝ።

«መቶ ሰማንያ።»

ከዚያ ወዲህ የሰርግ ሌንስ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። የእሱ ሌንስ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ መሬት ላይ ቆሞ፣ ከመደበቂያ ውስጥ፣ የሩቅ ወፍ ለሚጠብቅ ሰው አሁንም ከእኔው ይበልጣል። እናንተ ግን ስትገዙ የት እንደምትቆሙ አስቡ። ምን ያህል ሩቅ እንደሚደርስ ብቻ ሳይሆን ምን ያህል ወደ ኋላ እንደሚመለስም ጠይቁ። ስትደነግጡ ክንዳችሁ የሚችለውን ያዙ።

ፎቶውን በትልቁ አሳትሜ ለኦቦ ቡልቻ ወሰድኩላቸው። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉኝና መስኮቱ አጠገብ ቆመው እያዘነበሉ ተመለከቱት። «ያን ቀን ንስሩን አላየሁትም» አሉኝ። «እናንተን ነበር የማየው።» ዛሬ ውሃ ላይ ስወጣ፣ ጀልባ ነጂው በቃ እንሂድ ካለ ዓይኔን ከካሜራው አንስቼ እሱን አያለሁ።