ፊልሙን የገመገምኩ ቀን

እሁድ ከሰዓት ነው። ፍኖተ ሰላም አንድ አዳራሽ ውስጥ ጢም ብለን ሞልተናል። ከአዲስ አበባ የመጡ ልጆች አዲስ የፍቅር ኮሜዲ አምጥተው ሊያሳዩን ነው። እኔ ያኔ አንድ የወረዳ ቢሮ ውስጥ መዝገብ ቤት እሠራ ነበር፤ የቢሮውን ስም ተዉት። አለቃዬ አቶ ይስማው ከፊቴ ተቀምጠዋል። ከጎኔ ያገኘኋቸውን ሽማግሌ አላውቃቸውም፤ ከገጠር ለጉዳይ መጥተው ሰኞ እስኪደርስ ነው ፊልም የገቡት።

ሳልረሳው... ያን ሰሞን ከአቶ ይስማው ጋር ዓይንና ናጫ ነበርን። ባሕር ዳር ለዲግሪ ልማር አመልክቼ፣ የእሳቸው ፊርማ ብቻ ነው የቀረኝ። አራት ወር ሙሉ ስጠይቃቸው መልሳቸው አንድ ነው። «ዞን ልኬዋለሁ፣ ገና አልመጣም።» ምዝገባው ሊዘጋ አሥር ቀን ቀርቶታል። እንቅልፍ አጥቼ ነበር።

ፊልሙ ተጀመረ። አንድ ሥራ አስኪያጅ አለ፤ አዲስ የተቀጠረችውን ልጅ ቁም ስቅሏን ያሳያታል። ሰው ፊት ያዋርዳታል፣ የፈቃድ ማመልከቻዋን ዓይኗ እያየ ይቀዳድደዋል። እሷም ሻይ ትደፋበታለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ይስማው ግን ማመልከቻው ሲቀደድ ዞር ብለው እኔን እያዩ ነበር የሚስቁት።

መጨረሻ ላይ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ተፋቅረው ተጋቡ! ሴቱ ሁሉ እልል አለ። አለቃዬ እንደገና ዞሩ።

«አየሽ ጥሩወርቅ? የጥል መጨረሻው እንዲህ ነው።»

ደሜ ፈላ።

መብራት በራና ልጆቹ ማይክና ካሜራ ይዘው የተመልካች አስተያየት መሰብሰብ ጀመሩ። ዘመኑ ደግሞ ግምገማ የሞቀበት ነው። ያልተገመገመ ሰው የለም፤ አንዱ ተነስቶ ሂስ ይሰጣል፣ የተነካው ተነስቶ መልስ ይሰጣል፣ ዝም ካለ እንዳመነ ይቆጠራል። እናም ማይኩን የጨበጠ ሁሉ የሚናገረው በዚያው በለመደው አፉ ነው።

አንድ አስተማሪ ተነሱ። «በጥንካሬ የማነሳው ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል። በድክመት ደግሞ ወንበሩ ይቆረቁራል።»

አንዲት ወጣት ቀጠለች። «እኔ ፍቅራቸው አንጀቴን በልቶታል። የሚጣላሽ የሚወድሽ ነው!» ጭብጨባ።

ሽማግሌው ማይኩን በሁለት እጃቸው ያዙት። «እኔ ልጆቼ፣ አንድ ነገር ከነከነኝ። ያ ሁሉ ሰው ቢሮ ውስጥ ሲጣላ ሲታረቅ ዋለ። አንድ ባለጉዳይ እንኳ ሲያስተናግዱ አላየሁም!»

ሳቁ ሳያልቅ ማይኩ እኔ እጅ ገባ። ተነሳሁ።

«እኔ ሥራ አስኪያጁን ነው የምገመግመው» አልኩ። «ጥንካሬ አላገኘሁበትም፤ ቀጥታ ወደ ድክመቱ ልግባ። የሰው ማመልከቻ ቀድዷል። ልጅቷን አዋርዷል። ዝቅተኛ ነጥብ ነው የምሰጠው! ደግሞ የሚጣላሽ የሚወድሽ ነው ላልሽው እህቴ... የሰውን ማመልከቻ ይዞ የሚቀመጥ አለቃ አይፈቀርም፣ ይጠየቃል!»

አዳራሹ ግማሹ አጨበጨበ፣ ግማሹ አጉረመረመ። ልቀመጥ ስል አቶ ይስማው ብድግ አሉ። ኮታቸውን ቆለፉ። ማስታወሻ ደብተራቸውን ገለጡ፤ ለካ ስናገር ሲጽፉ ነበር!

«የተነሳውን ሂስ በበጎ ጎኑ ተቀብየዋለሁ» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «ነገር ግን መስተካከል ያለበት ነገር አለ። የወይዘሪት ጥሩወርቅ ማመልከቻ አልተቀደደም። አንድም ነገር ሳይሆን መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጧል!»

ሰው ሁሉ አንገቱን አዙሮ እኔን ማየት ጀመረ።

ካሜራ የያዘው ልጅ ግራ ገብቶት «ይቅርታ ጋሼ... እርስዎ ፊልሙ ላይ አሉበት እንዴ?» አላቸው።

አቶ ይስማው ያኔ ነው የት እንዳሉ ትዝ ያላቸው። ደብተሩን ዘጉት። እኔ ግን ማይኩን አልመለስኩም።

«ዞን ነው ያሉኝ አቶ ይስማው! አራት ወር ሙሉ ዞን ነው ያሉኝ!»

እንባዬ መጣ፤ ግን የንዴት ነው፣ አልጠረግኩትም።

ሽማግሌው ከጎኔ ተነሱ። «በል እንግዲህ ልጄ» አሉት፣ አዎ፣ አለቃዬን ነው፤ «ይህን ሁሉ ሰው አስመስክረህ አምነሃል። ነገ ጠዋት ትሰጣታለህ። እኔም የመሬት ጉዳይ አለኝና እናንተው ቢሮ ነው የምመጣው። እሷ ወረቀቷን ሳትወስድ ከደጅህ አልነሳም።»

ሰኞ ሁለት ሰዓት ተኩል ስደርስ ሽማግሌው ጋቢያቸውን ተከናንበው የአቶ ይስማው በር ላይ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለዋል። «ግቢ እንጅ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉኝ።

ገባሁ። አለቃዬ ቀና ብለው አላዩኝም። መሳቢያውን ከፈቱ፤ ማመልከቻዬ እንደሰጠኋቸው አለ፣ አንድ መስመር እንኳ አልተጻፈበትም። ፈረሙ፣ ማኅተሙን አሳረፉ። ስወጣ ግን አልቻሉም፣ ፈገግ አሉ።

«ፊልሙ ላይ እኮ መጨረሻው ፍቅር ነበር።»

«ፊልሙ ሁለት ሰዓት ነው አቶ ይስማው። እኔ ከእርስዎ ጋር አራት ዓመት ሠርቻለሁ» አልኳቸው። በሩን ሳልዘጋው ወጣሁ፤ ሽማግሌው ተራቸው ነበር።

ዲግሪዬን ከያዝኩ ቆየሁ። እስከ ዛሬ ሰው የፍቅር ፊልም አይቶ ሲያወራልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው... ማመልከቻዋ ተፈርሞላታል?