የእናቴ አውራ ጣት

ከሰቆጣ ወጣ ብሎ በምሠራበት ጤና ጣቢያ አዲስ መሣሪያ መጥቶልናል። ልጅ ሲቆምበት ጢጥ ይልና ስቡንና ጡንቻውን በቁጥር ያወጣል። ዛሬ አንዲት ትንሽ ልጅ አቆምንበት። አጠቃቀሙን ሊያሳየን የመጣው አሰልጣኝ ቁጥሩን አይቶ፣ «ደህና ናት፤ መሣሪያው አይሳሳትም» አለ። ይቺን ቃል ስሰማ ልቤ ወዳደግሁባት ወረዳ፣ ወደ ደሃና ሄደ።

አምስት ዓመቴ ነበር። ረሃብ ለጎዳቸው ልጆች ወተትና መድኃኒት የሚሰጡ ሰዎች መጥተው ዛፍ ላይ በታሰረ ሚዛን አንጠለጠሉኝ። የጨርቁ ማንገቻ ጭኔን ይከረክረኛል፣ ብረቱ ሲጢጥ ይላል። የሚመዝነው ወጣት የሚዛኑን መርፌ አየና እናቴን፣ «ልጅሽ ኪሎዋ ሙሉ ነው፤ ሂጂ» አላት።

እናቴ ንቅንቅ አላለችም። «ገበያ ላይ በግ ስትገዛ ወገቡን ትዳብስ የለም እንዴ? የኔንም ልጅ ዳብሳት! አንተ የመዘንከው ውሃ ነው!»

የምን ውሃ? ቀሚሴን ነካሁት፤ ደረቅ ነው። እሷ ግን ያበጠ እግሬን ይዛ በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው። ጣቷን ስታነሳ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ፤ ኪሎዬን የሞላው ሥጋ ሳይሆን ረሃብ የቋጠረው ውሃ ነበር። ወጣቱ የጻፈውን ሰረዘ። እናቴም ወተቱንና መድኃኒቱን በእጇ ሳታስገባ ከዚያ ዛፍ ሥር አልተነሳችም።

ዛሬም ልጅቷን ከመሣሪያው ላይ አወረድኳት። እግሯን በአውራ ጣቴ ጫን አደረግኩት። ጉድጓዱ ቀረ።

አሰልጣኙ ቅጹን ሲያቀብለኝ፣ «ይሄን ቁጥር አልጽፍም» አልኩት። «መጀመሪያ እጅህን አምጣና ዳብሳት።»