የሄዲስ ካባ

ባለፈው ሳምንት እናቴ ደወለችና «ያንን የሴኩሪቲውን ልብስ ይዘሽልኝ ነይ፤ ትሮይቪል ለቅሶ አለ» አለችኝ። ልብስ የምትለው ከጥቁር የመጋረጃ ጨርቅ የተሰፋ ካባ ነው። ለቅሶ በተነሣ ቁጥር ከእሷ ቤት ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሷ ሲመላለስ ዓመታት አልፈዋል። ከቁም ሳጥን አውጥቼ ጠርዙን ስዳብስ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የለበስኩበት ቅዳሜ ትዝ አለኝ።

የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ዓመት ላይ ነበርኩ፤ የምንኖረው ጆሃንስበርግ፣ ሮዘተንቪል ሰፈር። ትምህርት ቤታችን ከጥንታዊ ግሪኮች ተረት የተወሰደ ቲያትር ሊያሳይ ተነሣና መምህራችን የሙታንን አገር የሚገዛውን አምላክ፣ ሄዲስን፣ እንድጫወት ሰጠችኝ። ለምን እንደሆነ አልጠፋኝም። ሄዲስ ብዙ አይናገርም፤ እኔም አልናገርም። ስሜ ሲጠራ «አለች» ብለው የሚመልሱልኝ እንኳ ጓደኞቼ ነበሩ።

ለእናቴ ስነግራት የስፌት መኪናዋን አቆመች።

«የሲኦል ንጉሥ? በኢየሱስ ስም! ሌላ ሰው ጠፍቶ ነው?»

«ሰይጣን አይደለም እማዬ። ማንንም አያሠቃይም። የሞተውን ይቀበላል፣ በሩን ዘግቶ ይጠብቃል። በቃ።»

ትንሽ አሰበች። «ሴኩሪቲ ነዋ!»

«እ… እንደዚያ በይው።»

«እሱስ ሥራ ነው። ሌላስ ምን አለው?»

«ከመሬት በታች ያለ ሀብት ሁሉ የእሱ ነው ይላሉ።»

«እንደ አባባ ጉድጓድ!» ብላ ሳቀች። አባባ የምትለው ሆሳዕና ይኖሩ የነበሩትን አባቷን ነው። ጓሯቸው ውስጥ፣ ከእንሰቱ ሥር፣ ቆጮ የሚቀበርበት ጉድጓድ ነበራቸው። አያቴን የማውቃቸው በስልክ ብቻ ነበር። እናቴ ስለዚያ ጉድጓድ ስታወራ ግን፣ ሲከፈት የሚወጣው ኮምጣጣ ሽታ እኔም ያደግኩበት ይመስለኝ ነበር።

ከምትሸጠው መጋረጃ ጥቁሩን መርጣ ካባዬን ሰፋችልኝ።

ቲያትሩ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ዓርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋሽ ደሳለኝ ታክሲ መውረጃው ላይ ቆመው ሲጠብቁኝ አየሁ። የዕድራችን ዳኛ ናቸው፤ ብርድ ልብስ ይሸጣሉ። ግንቦት ነው፤ እዚህ ብርዱ የሚገባበት፣ ሣሩ ሁሉ የሚገረጣበት ወር። ከመንገድ ዳር ማግዊኛ ገዝተው ነበር። ያንን በዘይት የተጠበሰ ድቡልቡል ሊጥ በወረቀት ጠቅልለው እጄ ላይ አኖሩና፣ «ልጄ፣ አያትሽ ዐረፉ» አሉኝ።

መዳፌን እያቃጠለኝ ነበር፤ መጣል ግን አልደፈርኩም።

«እናትሽን እሁድ ጠዋት ነው የምናረዳት። ራቅ ብለው ያሉት የካትሌሆንግ ልጆች ሱቃቸውን ዘግተው እስኪመጡ። ሰው ብቻውን መርዶ አይሰማም።»

«ስልኳስ?»

«እሱ ነው ጣጣው! ድሮ መርዶ በእግሩ ነበር የሚመጣው፤ ዛሬ በፌስቡክ ይቀድመናል። ስልኳን አንቺ ያዥው።»

ቤት ስደርስ ስልኳን አጠፋሁና መብራት ስለሄደ ባትሪው አለቀ አልኳት። ጆሃንስበርግ ውስጥ የመብራት መጥፋት ሰበብ የማይሆንለት ነገር ስለሌለ አመነችኝ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ሹሩባ እየሠራችኝ ሳለ፣ «እስቲ ስልኬን አምጪው፤ ለአባባ ልንገረው። የልጅ ልጅህ ሴኩሪቲ ሆነች ልበለው» አለች።

ዞሬ እንዳላያት ጸጉሬ እጇ ውስጥ ነው። እንኳንም ሆነ።

«ከቲያትሩ በኋላ እማዬ። ያኔ እንዴት እንደነበረ ትነግሪያቸዋለሽ።»

«እሱም እውነት ነው» አለችና ጉንጉኑን ጠበቅ አድርጋ ጨረሰችው።

በተረቱ፣ ሄዲስ ልጇን የወሰደባት እናት ወደ ሙታን አገር አትወርድም፤ መምህራችን ግን አወረደቻት። ሄዲስ ፊት ቆማ «ልጄን የት አደረስካት?» ብላ ትጮኻለች። የእኔ መልስ አጭር ነበር፤ «እኔ ጋ ናት። ማንም አይነካትም።» በልምምድ ጊዜ ድምፄ ከሁለተኛው ረድፍ አያልፍም ነበር። ያን ቀን እናቴን ከፊት አየኋት። የእሁድ ልብሷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አቅፋ፣ ለአባቷ የምታወራውን የምትሰበስብ ትመስል ነበር። ስልኳ ከካባዬ ሥር፣ ኪሴ ውስጥ ነው። ወደ እሷ ዞሬ ተናገርኩ፤ ድምፄ እስከ አዳራሹ በር ደረሰ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እናቴ ግን አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየችኝ።

በታክሲ ስንመለስ ስልኳን አልጠየቀችኝም።

እሁድ ጎሕ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ። ከጋሽ ደሳለኝ ኋላ ደረጃው በሰው ሞልቷል። እናቴ መጀመሪያ እነሱን አየች፣ ቀጥላ እኔን፤ ከዚያ ጮኸች። ጥቁር ልብስ አልነበራትም። ከበሩ ኋላ የተሰቀለውን ካባዬን አውርዳ ተከናነበችው።

ባለፈው ሳምንት ከትሮይቪል ለቅሶ ስንመለስ፣ መኪናዬ ውስጥ ካባውን ጭኗ ላይ እያጠፈች ነበር። ስንት ዓመት ሳልጠይቃት የኖርኩትን ጠየቅኳት።

«ያን ቅዳሜ ስልክሽን ለምን አልጠየቅሽኝም?»

የትራፊክ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላችን ጥሩምባ ተነፋ።

«መድረክ ላይ እኔን እያየሽ ስትናገሪ ገባኝ» አለች። «አንቺ እንዲያ ጮክ ብለሽ ታውቂያለሽ? ስልኬንም ይዘሽብኛል፤ አባባ ሞቷል አልኩ በልቤ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እስከ እሁድ አባት ይኑረኝ ብዬ ነዋ።» ካባውን አጥፋ ጨረሰች። «ስልኬን ግን ሁለተኛ እንዳትነኪ!»

ግሪኮች ሄዲስን በስሙ መጥራት ይፈሩ ነበር ይባላል፤ ስሙን ካላነሡት ሞት የሚዘገይላቸው ይመስላቸው ነበር መሰለኝ። እኔ ያን ቀን በሩን ብቻዬን ዘግቼ የጠበቅኩ መስሎኝ ኖሬአለሁ። ለካ ከወዲያ በኩል እሷም ገፍታ ይዛው ነበር።