ያየሁት ቡጢ

ወጣት ሳለሁ በደብረ ታቦር ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበርሁ። ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ። በከተማው የቦክስ ግጥሚያ ሲኖር ደግሞ አዮዲንና ፋሻ ይዤ ከመድረኩ ገመድ አጠገብ እቀመጣለሁ። ስለ ቦክስ የማውቀው ከዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ያየሁትን ብቻ ነው።

አንድ እሁድ ለጎንደር ቡድን የሚመረጠውን ለመለየት ሁለት ወጣቶች ገጠሙ። አንዱ የእህል ነጋዴ ልጅ ነው። ሌላው ከእብናት በኩል የመጣ ቤተ እስራኤል፤ አባቱ ማረሻና ማጭድ ቀጥቃጭ ነበር። ያኔ እኛ ቤተ እስራኤል አንልም፤ ፈላሻ ነበር የምንለው። ብረት የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ሰው ይበላል ይባላል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስሁት እኔም እንዲያ እል ነበር።

ገና ጓንቱን ሲያጠልቅ አንዱ ከሕዝቡ መሀል፣ «ኧረ ፈትሹት! ጓንቱንም ራሱ ቀጥቅጦት እንዳይሆን!» ብሎ ሰውን አሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

የነጋዴው ልጅ አጎት ከገመዱ ሥር ቆሞ ይጮኻል።

«ዓይኑን አትየው! አንተ፣ አንገትህን ድፋ! እንዳታየው ብዬሃለሁ!»

ልጁ ታዘዘ። መሬት መሬት እያየ ነው የተጋጠመው። መሬት የሚያይ ሰው ቡጢ ከየት እንደሚመጣበት አያውቅም። በሁለተኛው ዙር የቀጥቃጩ ልጅ ግራ እጅ ከሥር መጥቶ ከነጋዴው ልጅ ቀኝ ጎን፣ ከጎድን አጥንቱ በታች ገባ። ድምፁን ሰማሁት፤ እርጥብ ጆንያ በዱላ ሲመታ እንደሚሰማው ነበር። ጉበት ያለው እዚያ ነው። እዚያ የተመታ ሰው ወዲያው ላይወድቅ ይችላል። ልጁ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፣ ቀና ብሎ ተጋጣሚውን አየው፣ ከዚያ ተጣጥፎ ወደቀ። ሕዝቡ ያየው የመጨረሻውን ነው፦ ዓይን ለዓይን ተያዩ፣ አንዱ ወደቀ። ፊቱ ላይ ጭረት እንኳ የለም።

«በላው! በላው!» አሉ። የወደቀው ልጅ እናት ነጠላዋን ጥላ ሮጠች።

ዳኛው የስፖርት መምህር ነበር። ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

«እህቴ፣ አንቺ ቅርብ ነሽ። ምቱን አይተሻል?»

የቀጥቃጩ ልጅ ጥግ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሕዝቡ ሁሉ እኔን ያያል።

«አላየሁም» አልሁ።

ፈርቼ ነው ብል ግማሹን ብቻ መናገሬ ነው። ምቱን አይቼም እንኳ፣ የቀጥቃጩ ልጅ ዓይንም ሳይጨምርበት አልቀረም ብዬ አምኜ ነበር። እሱ ከውድድሩ ተባረረ። ጎንደር የሄደው የነጋዴው ልጅ ነው፤ በግጥሚያው ማግስት ደህና ሆኖ ገበያ ሲዞር አየሁት። የቀጥቃጩ ልጅ ከዚያ ወዲያ ጓንት አላጠለቀም። ቆይቶ ከወገኖቹ ጋር ወደ እስራኤል ሄደ።

አምና ክረምቱ ሲገባ አንድ ሽማግሌ ቤቴን ጠይቆ መጣ። አገሩን ሊያይ የተመለሰ ነው። ማን እንደሆነ ሲነግረኝ ፊቴን የማደርግበት ጠፋኝ። ይቀመጡ አልሁት።

«ጉዳዬ አንድ ነው» አለ። «አንቱ ያን ቀን ከገመዱ አጠገብ ነበሩ። እጄ ሲያርፍ የተሰማኝ መስሎኝ ነበር። ግን ያ ሁሉ ሰው አልመታኸውም ሲለኝ፣ አንቱም አላየሁም ሲሉ፣ ራሴን ጠረጠርሁ። ሰው በዓይኔ ጥዬ ይሆን እንዴ እያልሁ ነው ያረጀሁት። ልጆቼን እንኳ ትኩር ብዬ ማየት እፈራ ነበር።»

እጄን ቀኝ ጎኔ ላይ አደረግሁ።

«እዚህ ጋ መትተውታል። በግራ እጅዎ። አይቻለሁ።»

«ያን ጊዜውኑ?»

«ያን ጊዜውኑ።»



«እንግዲያው አሸንፌ ነበራ» አለ።

«አሸንፈው ነበር።»

ለምን አላየሁም እንዳልሁ አልጠየቀኝም። ሳልጠየቅ መናገር የእኔ ፋንታ ነበር። እኔ ግን እስከ አጥሩ በር ሸኘሁትና ዝናቡ መንገዱን እንዳበላሸው፣ ቁልቁለቱን ዳር ዳሩን ይዞ ቢወርድ እንደሚሻል ብቻ ነገርሁት።